የድሮው የእንግሊዝ ሬዲዮ ቀልድና የዚያ ዘመን ልጆች ጨዋታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለንደን ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ቆየሁ። በዚህ ሥራ ያለን ሃበሾች ጥቂት አይደለንም። ስንገናኝ የምናወራው አንድ ነገር አለ። አዛውንቶቹ የድሮ ሬዲዮ ቅጂ ሲከፈትላቸው እንደ ልጅ ፍርፍር ብለው ይስቃሉ። እኛ አጠገባቸው ቁጭ ብለን "አሁን ምኑ ነው ያሳቃቸው?" እንላለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እያደር ግን ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ወደድኩት። ባልደረቦቼ፣ ጓደኞቼና እዚህ የሚያድጉ ልጆቻቸው ደጋግመው የጠየቁኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"የድሮው የሬዲዮ ቀልድ" ሲባል የትኛው ዘመን ነው?

ከ1938 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያለውን ማለቴ ነው። ቢቢሲ ሥርጭት የጀመረው በ1922 ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀልድ ማለት የቲያትር ቤት ቀልደኛ ማይክ ፊት ቆሞ መድረክ ላይ የሚለውን መድገም ነበር። በጥር 1938 ባንድ ዋገን የሚባል ሳምንታዊ ዝግጅት መጣ። አርተር አስኪና ሪቻርድ መርዶክ የቢቢሲ ሕንጻ አናት ላይ ቤት እንዳላቸው ሆነው ይጫወታሉ። ሉዊስ የምትባል ፍየልም ነበረቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር በመድረክ አይሠራም፤ በጆሮ ግን ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ሰው በየሳምንቱ ቀጠሮ ይዞ የሚጠብቀው ቀልድ መኖር ጀመረ።

ሬዲዮኑ ራሱ ምን ይመስል ነበር? ለምን እንደ ዘመድ ያነሱታል?

ኪስ የሚገባ ነገር አልነበረማ። ከእንጨት ወይም ባክላይት ከሚባል ቡናማ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጎለት ትልቅ ሳጥን ነው። ውስጡ ቫልቭ የሚባሉ አምፖል የሚመስሉ መስታወቶች አሉት። እነሱ እስኪሞቁ ድምፅ የለም። ቁልፉ ይዞራል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ቢጫ መብራት ትበራለች፤ ከዚያ ቤተሰቡ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከሩቅ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣል።

የምንከባከባቸው አንድ የ88 ዓመት አዛውንት አሉ። በስማቸው ጥሩኝ ይላሉ፤ እኔ ግን በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። "ያ መጠበቁ ነበር ደስ የሚለው" ይሉኛል። መስታወቱ ላይ የተጻፉትን የከተማ ስሞች ዛሬም በቃላቸው ያወርዷቸዋል፦ ሂልቨርሱም፣ አትሎን፣ ሉክሰምበርግ። ጠዋት ምን እንደበሉ ይረሳሉ። እነዚያን ስሞች ግን በተራ በተራ፣ ጣታቸውን አየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እያስኬዱ ይጠሯቸዋል። መርፌዋን የሚያንቀሳቅሱ ነው የሚመስለው።

መብራት ያልገባላቸው ቤቶች ሬዲዮናቸውን በአሲድ ባትሪ ነበር የሚያሠሩት። ባትሪው ወፍራም መስታወት ነው፤ መያዣ አለው። ሲደክም ሰፈር ያለ ሱቅ ወስዶ ማስሞላት ብዙ ጊዜ የልጅ ሥራ ነበር። አሲዱ እንዳይፈስ፣ እግር እንዳያቃጥል እየተጠነቀቁ መሄድ ነው። ክፍያም ነበረው። በየዓመቱ የሬዲዮ ፈቃድ ይወጣል፤ መጀመሪያ 10 ሺሊንግ፣ ከ1946 ጀምሮ 1 ፓውንድ። ይህ ክፍያ የቀረው በ1971 ነው።

ከተማው በቦምብ እየተደበደበ ሰው እንዴት ይስቃል?

ይበልጥ የሚስቀውማ ያኔ ነው። በ1939 ኢትማ የሚባል ዝግጅት ተጀመረ። "ያ ሰውዬ ደግሞ መጣ" የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። ግንባር ቀደሙ የሊቨርፑል ሰው ቶሚ ሃንድሊ ነው። የሚጽፍለት ቴድ ካቫና ይባላል። ጦርነቱ ሲጀመር የቢቢሲ የመዝናኛ ክፍል ለንደንን ለቆ ብሪስቶል ገባ። ብሪስቶልም ስትደበደብ ዌልስ ውስጥ ወዳለችው ባንጎር ተሰደደ። እዚያም ሆነው ቀልዱን ቀጠሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በር ይከፈታል። አንድ ሰው ይገባል። ሁልጊዜ የሚላትን ያችኑ አባባል ይላል። በሩ ይዘጋል። ሚስስ ሞፕ የምትባለው የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እያንኳኳች ገብታ "አሁን ላጽዳልዎ ጌታዬ?" ስትል አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ስትወጣ ደግሞ "ቲ ቲ ኤፍ ኤን" ትላለች፤ "ለጊዜው ቻው" ማለቷ ነው። ይህን አባባል አንዳንድ አዛውንቶች እስከ ዛሬ ይሉታል። ከክፍላቸው ስትወጡ ቢሏችሁ ኮድ አይደለም።

ይህ ለምን ያስቃል ለምትሉ፣ አባባ ተስፋዬን አስቡ። "የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ አዲስ ነገር አልነገሩንም። ግን ቃሉ እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። ሲመጣ ደስ ይለን ነበር። ነገ ቤቱ ይኑር አይኑር ለማያውቅ ሰው፣ ሚስስ ሞፕ ያችን ቃል እንደምትል ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሃንድሊ በጥር 1949 ድንገት ሞተ። ዝግጅቱም ያኔውኑ ቆመ፤ በሌላ ሰው አልተካም። የመታሰቢያ ጸሎት የተደረገለት በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ነው። ለቀልደኛ ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ ምን ያህል እንደወደደው መገመት አይከብድም።

ሁሉም የሚያነሳው ሃንኮክ ማን ነው?

ከሁሉም የምወደው እሱን ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

ቶኒ ሃንኮክ ይባላል። "የሃንኮክ ግማሽ ሰዓት" ሬዲዮ ላይ የጀመረው በኅዳር 1954 ሲሆን እስከ 1959 ቆይቷል። በታሪኩ ውስጥ ኢስት ቺም በምትባል የፈጠራ ሰፈር፣ ሬይልዌይ ከቲንግስ ቁጥር 23 ይኖራል። ራሱን ትልቅ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው። ሌላው ግን እንደዚያ አያየውም። ሲድ ጄምስ ጓደኛ መስሎ ይሸውደዋል። ቢል ከር የሚባለው አውስትራሊያዊ ነገር ቶሎ አይገባውም። ሃንኮክ ይበሳጫል፣ ይፎክራል፣ ይሸነፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አዲስ ተስፋ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሰው በእያንዳንዳችን ሰፈር አለ።

ጸሐፊዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን የተዋወቁት ቲቢ ታመው ነው። ሁለቱም ገና ወጣት ሳሉ ሰሪ በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ፣ ሚልፎርድ በሚባል የቲቢ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እዚያው ለበሽተኞች በሚተላለፈው የሆስፒታሉ ሬዲዮ ቀልድ መሥራት ጀመሩ። የእንግሊዝን ቀልድ የቀየሩ ሁለት ሰዎች የጀመሩት አልጋ ላይ ሆነው እያሳሉ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የታመመ ሰው ክፍል ውስጥ ሳቅ ስሰማ ሌላ ስሜት ይሰማኛል።

አንድ ብቻ ስሙ ብባል በ1958 የተላለፈውን "እሁድ ከሰዓት በቤት" የሚለውን እመርጣለሁ። ምንም አይከሰትም። ዝናብ ይዘንባል። አራት ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሰላቻል። ሃንኮክ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሰዓት ይጠይቃል፤ አልሄደም። የግድግዳው ወረቀት ላይ ካለው ጥለት ውስጥ የሰው ፊት ፈልጎ ያገኛል። ከዚያ ዝም። ሬዲዮ ላይ ዝም ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ሰሚው ተበላሸ ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። እነሱ ግን ዝምታውን ራሱን አሳቂ አደረጉት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከተዋናዩ ቀድመው ነው የሚተነፍሱት።

ሃንኮክ መጨረሻው አላማረም። በ1968 ሲድኒ ውስጥ በ44 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። አዛውንቶቹ ይህን ያውቃሉ። ስሙን ሲጠሩ ከሳቁ ጋር የምትቀላቀል ትንሽ ሐዘን አለች።

ጉን ሾው ላይ ግን አንድም ነገር አልገባኝም። ችግሩ ከኔ ነው?

አይደለም። የጋሼ አባት ራሳቸው "ይህን ጩኸት አጥፉልኝ" ይሉ ነበር። ልጆቹ ደግሞ በማግስቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ድምፁን ሲያስመስሉ ይውላሉ።

ጉን ሾው ከ1951 እስከ 1960 የተላለፈ ነው። ስፓይክ ሚሊጋን፣ ሃሪ ሲኮምና ፒተር ሴለርስ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ማይክል ቤንቲንም ነበር። አብዛኛውን የጻፈው ሚሊጋን ነው። ሥራው ስለከበደው ታሞ ሆስፒታል እስከመግባት ደርሷል። ታሪኩ መነሻና መድረሻ የለውም። ሰው ይፈነዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። በካልሲ ውስጥ ከስተርድ፣ ማለትም ከወተትና ከእንቁላል የሚሠራ ወፍራም ጣፋጭ፣ ተጨምሮ ጣውላ ላይ ይመታል፤ ድምፁ ጥሩ ነው ተብሎ። እንዲህ ማድረጋቸው እስከ ዛሬ ይወራል።

ይህን ሁሉ ከጦርነቱ ነው ያመጡት ብዬ አምናለሁ። ሚሊጋንና ሲኮም ሰሜን አፍሪካ የዘመቱ ወታደሮች ነበሩ። እንዴት እንደተገናኙ ሲያወሩ የኖሩት ታሪክ አለ። የሚሊጋን ጓድ የሚተኩሰው ከባድ መድፍ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ይገባል። ታች ሲኮም ትንሽ የሬዲዮ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። መድፉ ለጥቂት ይስተዋል። ትንሽ ቆይቶ ሸራው ይገለጥና ሚሊጋን አንገቱን አስገብቶ "መድፍ ያየ ሰው አለ?" ይላል። ሲኮም ደግሞ "ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ ይመልሳል። ይህ ካሳቃችሁ ጉን ሾው ገብቷችኋል ማለት ነው።

እኔ የጀመርኩት ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ሊትል ጂም የሚባል ሕፃን አለ፤ "ውሃ ውስጥ ወደቀ!" ይላል በቀጭን ድምፅ። ጋሼ ማንኪያ ሲወድቅባቸው ይህንኑ ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ ወለሉን ፈተሽኩ። አሁን ማንኪያ ሲወድቅ አብረን ነው የምንለው።

በሬዲዮ አሻንጉሊት ያናግሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፒተር ብራፍ አርቺ የሚባል የእንጨት አሻንጉሊት ይዞ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያናግረዋል። ሬዲዮ ላይ ከንፈር ማን ያያል? ሆኖም ከ1950 ጀምሮ ለዓመታት ሚሊዮኖች ሰምተውታል። ሃንኮክም ጁሊ አንድሩስም በዚህ ዝግጅት ውስጥ አልፈዋል። ልጆች አርቺን በሕይወት ያለ ልጅ አድርገው ነበር የሚያስቡት፤ አንዳንድ ትልልቆችም ዛሬ ድረስ ስሙን ሲጠሩ እንደዚያው ናቸው።

እሁድን ለምን ያን ያህል ያነሳሉ?

እሁድ ሁሉ ነገር ዝግ ስለነበር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ትልልቅ ሱቆች እሁድ በሕግ እንዲከፍቱ የተፈቀደው በ1994 ነው። ከዚያ በፊት ቤት ተቀምጦ ሥጋው ከምድጃ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ለእኛ የእሁድ ሽታ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው። ለእነሱ የተጠበሰ ሥጋና የተቀቀለ ጎመን ነው። ከዚያ ሽታ ጋር የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ሬዲዮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጀርመን ከሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር ቤተሰብን የሚያገናኝ የዘፈን ምርጫ ይቀርባል። ከዚያ የሙዚቃ ባንድ መሪው ቢሊ ኮተን "ዌኪ ዌኪ!" እያለ ይጮሃል፤ ተነሱ፣ ንቁ ማለቱ ነው። ከምሳ በኋላ ቀልድ።

ከእሁድ ቀልዶች ሁሉ ስሙ የገነነው ራውንድ ዘ ሆርን ነው፤ ከ1965 እስከ 1968። ኬኔት ሆርን እንደ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ረጋ ብሎ ይናገራል። በዙሪያው ያሉት እነ ኬኔት ዊሊያምስ ያብዳሉ። የሚጽፉት ባሪ ቱክና ማርቲ ፌልድማን ናቸው። ብዙው ቀልድ ሁለት ትርጉም አለው። ልጁ በአንዱ ይስቃል፣ አባትየው በሌላው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። ሆርን በየካቲት 1969 ሲሞት ይህም ቆመ።

ሞርኒንግተን ክሬሰንት የሚባለው ጨዋታ ሕጉ ምንድን ነው?

ሕግ የለውም። ከ1972 ጀምሮ እስካሁን ባለው "ይቅርታ፣ ምንም አላውቅም" በሚል ዓይነት ስም በሚታወቀው ዝግጅት ውስጥ የሚጫወቱት ነው። ተጫዋቾቹ በየተራ የለንደን ቦታና ባቡር ጣቢያ ስም ይጠራሉ። በጣም የተወሳሰበ ሕግ ያለው ይመስል ይከራከራሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይቃወማሉ። መጀመሪያ "ሞርኒንግተን ክሬሰንት" ያለ ያሸንፋል። ጣቢያው ካምደን ውስጥ ያለ እውነተኛ ጣቢያ ነው። ከ1992 ጀምሮ ተዘግቶ በ1998 ሲከፈት መርቀው የከፈቱት እነዚሁ ቀልደኞች ናቸው። አዛውንት ሲያጫውቷችሁ "ሕጉን ንገሩኝ" አትበሉ። ዝም ብላችሁ የጣቢያ ስም ጥሩ፤ ዓይናቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ልጆቹ ምን ይጫወቱ ነበር? ከእኛ ጋር ይመሳሰላል?

ይገርማችኋል። ብይ አለ። ሰኞ ማክሰኞ አለ። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሁሉም አለ። በብይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም፤ ቲንስሊ ግሪን በምትባል መንደር ከ1932 ጀምሮ በየዓመቱ በስቅለት ቀን ውድድር ይደረጋል። 49 ብይ ክብ ላይ ይደረደርና እያስፈነጠሩ ማስወጣት ነው።

አንድ ከሰዓት ከግቢው አምስት ጠጠር ለቅሜ ገባሁ። አንዲት እማማ አሉ፤ ብዙ አያወሩም። ጠረጴዛቸው ላይ ቅልልቦሽ መጫወት ጀመርኩ። አንዷን ወደ ላይ፣ አንዷን ከጠረጴዛው፣ ቅልብ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው በሪህ ተጣመዋል። አምስቱንም ወደ ላይ ወረወሩና መዳፋቸውን ገልብጠው በእጃቸው ጀርባ ተቀበሉ። ሦስቱ ቆሙ፤ ሁለቱ ወደቁ። "ፋይቭስቶንስ" አሉኝ፤ ትክክል አይደለሽም የሚል በሚመስል ድምፅ። ቀጥለው የእነሱን አጨዋወት አሳዩኝ። አዲስ አበባ አስፋልት ዳር የተማርኩትን ጨዋታ ማንቸስተር ያደጉ ሴት አረሙኝ።

የተለየም አለ። ከጦርነቱ በኋላ ቦምብ ያፈረሳቸው ቤቶች ፍርስራሽ መጫወቻ ሜዳቸው ነበር። ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጎማ ነቅለው በጣውላ መኪና ይሠራሉ። ዳንዲ በ1937፣ ቢኖ በ1938 የወጡ የሥዕል ቀልድ መጽሔቶች ናቸው፤ አንዱ ገዝቶ መንደሩ ሁሉ ያነበዋል። ወንዶቹ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ዳር ቆመው የባቡር ቁጥር ይመዘግባሉ። ባቡሩ ያልፋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ አለቀ። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ምን ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። የጋሼን ደብተር ካየሁ በኋላ ግን እንደዚያ አላልኩም። በእርሳስ፣ በጠባቡ ተጽፎ፣ ያዩት ሁሉ በማስመሪያ ተሰምሮበታል። የእንፋሎት ባቡር ከእንግሊዝ መደበኛ መስመር የወጣው በነሐሴ 1968 ነው፤ ደብተሩም እዚያው ላይ ይቆማል።

ኮንከር እንዴት ነው የሚጫወቱት? ልጄ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቷል።

ኮንከር በመስከረምና በጥቅምት ከዛፍ የሚወድቅ፣ እሾሃማ ልጣጭ ያለው፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ ነው። አይበላም፤ ያማል። ተጠብሶ ከሚበላው ቼስትነት ጋር ስለሚመሳሰል ልጆችን አስጠንቅቁ።

ጠንካራውን ምረጡ። በወስፌ መሐሉን ብሱ፤ ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው። የጫማ ማሰሪያ አስገቡና ጫፉን ቋጥሩ። አንዱ ልጅ ፍሬውን አንጠልጥሎ ሳያንቀሳቅስ ይይዛል። ሌላው የራሱን አወናጭፎ ይመታዋል። የማን ፍሬ እንደሚሰበር ማየት ነው። ያሸነፈ ፍሬ ነጥብ አለው፤ የተሸናፊውን ነጥብም ይወርሳል። በአቼቶ የሚዘፈዝፉት፣ ምድጃ ውስጥ የሚያደርቁት፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስቀምጡት አሉ። ይህ ማጭበርበር ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም። ጋሼ "ማጭበርበር ነው" ይላሉ፤ ግን አቼቶው ስንት ቀን እንደሚበቃው አሳምረው ያውቃሉ።

ከ1965 ጀምሮ ኖርዝሃምፕተንሻየር ውስጥ የዓለም ውድድር ይካሄዳል። የጀመሩት በአየር ጸባይ ምክንያት ዓሣ ማጥመድ ያልሆነላቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ከረሜላ ሲያወሩ ለምን ዕንባ ይቀድማቸዋል?

ከረሜላ በራሽን ነበር። በሚያዝያ 1949 ራሽኑ ተነሳ፤ ሕዝቡ ሱቆቹን ባዶ አደረጋቸውና በወራት ውስጥ ተመልሶ ተጣለ። ጨርሶ የቀረው የካቲት 5 ቀን 1953 ነው። ያን ቀን ልጅ የነበረ ሰው ምን እንደገዛ አይረሳም። ጠይቁ፤ የወረቀት ከረጢቱን ድምፅ ጭምር ይነግሯችኋል።

የሚያስቀይም ቀልድ የለበትም?

አለበት። የሕንድን አነጋገር እያስመሰሉ ማሾፍ፣ ጥቁር ሙዚቀኛን በቀለሙ መቀለድ፣ ሴትን ማሳነስ፣ ጉን ሾው ውስጥም ሌላውም ውስጥ ይሰማል። እኔ ሲመጣ ዝም ብዬ አላልፍም። አንድ ጊዜ "ይህ አላሳቀኝም" አልኳቸው ጋሼን። ትንሽ አሰቡና "ልክ ነሽ፤ ያኔ አናስብም ነበር" አሉ። ከዚያ ቀጠልን። ወዳጅነታችን አልተጎዳም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ከኔ በፊት እሳቸው ናቸው ፊታቸውን የሚያጠቁሩት።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ከቀልዱ ጋር በቀጥታ የለም፤ ልፈጥርም አልፈልግም። ግን አንድ ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት ባዝ ከተማ ውስጥ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ነው። ባንድ ዋገን ሲጀመር እዚያ ነበሩ። በ1958 ቤቱን ለከተማው ሰጡ፤ አረጋውያን እንዲጠቀሙበት ብለው። አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለእንግሊዝ ሽማግሌዎች ቤት ሰጥቷል። ሥራው ሲከብደኝ ይህን አስባለሁ።

እንዴት ልጠይቃቸው? "አላስታውስም" ይሉኛል።

"ያስታውሳሉ ወይ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ፈተና ነው፤ ሰው ፈተና ሲወድቅ ያፍራል። "ሬዲዮናችሁ የት ነበር የሚቀመጠው?" በሉ። መስኮት ሥር ይሆናል፣ ከምድጃው አጠገብ ይሆናል። ከዚያ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር ይመጣል። ወንበሩ የአባት ነበር። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ቀልዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በ1939 መስከረም መጀመሪያ ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው፣ አብዛኛው ልጅ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ተልኳል። አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ታስሮ፣ ከማያውቁት ሰው ቤት። የልጆች ሰዓት የሚባለው ዝግጅት አቅራቢ ዴሪክ ማኩሎክ ሲዘጋ "ደህና እደሩ ልጆች፣ ያላችሁበት ሁሉ" ይል ነበር። የዛን ጊዜዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ14 ዓመቷ ለእነዚህ ልጆች የተናገረችው በዚሁ ዝግጅት ነው፤ በጥቅምት 1940። ይህን ስታነሱ ሊያለቅሱ ይችላሉ። ካለቀሱ ወሬ አትቀይሩ፤ እጃቸውን ያዙ።

ከየትኛው ልጀምር? የትስ አገኘዋለሁ?

ብሪታንያ ውስጥ ከሆናችሁ የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ኤክስትራ የድሮ ቀልድ ያስተላልፋል፤ ቢቢሲ ሳውንድስ መተግበሪያ ላይም ይገኛል። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በሲዲ ሊኖራቸው ይችላል። ሁሉም ግን አልተረፈም። ያኔ ብዙ ቅጂ አይቀመጥም ነበርና የጠፉ ክፍሎች አሉ።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ በሃንኮክ ጀምሩ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ኔቪ ላርክን ስሙ። ከ1959 እስከ 1977 የቆየ፣ መርከባቸውን ከሁሉ ነገር ጋር ስለሚያጋጩ ባሕርተኞች የሚያወራ ነው። ጉን ሾውን መጨረሻ አድርጉት።

ሲያልቅ ወዲያው ላጥፋው?

አይሆንም። የመዝጊያው ሙዚቃ ይለቅ። አስተዋዋቂው የተዋንያኑንና የጸሐፊዎቹን ስም ይጠራል፤ እሱን ይጠብቁታል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እኩል ይጠራሉ፦ ሲድ ጄምስ፣ ቢል ከር፣ ሃቲ ጃክስ፣ ኬኔት ዊሊያምስ። አንዱንም አይስቱም። ከዚያ ዓይናቸውን ይገልጡና ሻይ ይጠይቁኛል።